ወርቅ ሆኖ የተመለሰው ከሰል

አንድ ዓሣ ትዳሬን ሊያፈርስብኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ያውም ገና ያልተመሠረተ ትዳር። ግን የሆነው እንደዚያ ነው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ።

ያኔ አዳማ ውስጥ የመጋረጃ መስፊያ ሱቅ ነበረኝ፤ ዛሬም አለኝ። ከልጄ ከቤዛ ጋር ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት እንኖር ነበር። ከቤዛ አባት ጋር ከተለያየን ቆይተናል። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ «ለዕቃ ነው» እያለ ሻሸመኔ ይመላለሳል። አንድ ቀን መኪናውን ሳጸዳ ከወንበር ሥር የሕፃን ጫማ አገኘሁ፤ ነጭ፣ ጣት የምታህል። ምን እንደሆነች ስጠይቀው ሳቅ አለና፣ አንድ ደንበኛው ከነሚስቱ ከነልጁ እስከ ሐዋሳ አድርሰኝ ብሎት እንደነበር፣ ሕፃኑ መንገዱን ሙሉ እንዳለቀሰ፣ እናትየው ጫማውን አጥታ እንደተናደደች፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተረከልኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሻሸመኔ ውስጥ ሚስትም ልጅም እንዳለው የተረዳሁት ከዚያ ብዙ ቆይቼ ነው። ከክህደቱ በላይ ያንገበገበኝ ጫማዋን በእጄ ይዤ ማመኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያወራኝ ቃሉን ትቼ ፊቱን የማነብ ሴት ሆንኩ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ «ነገ እመጣለሁ» ሲለኝ እንኳ ይመጣል አይመጣም ብዬ ከአነጋገሩ እመዝነዋለሁ። ውሸትን በጠረኑ አውቀዋለሁ እል ነበር።

ገመቹን ያወቅሁት መጋረጃ ሊያሰፋ መጥቶ ነው። መልካሳ ይኖራል፤ በዚያ አካባቢ ለሽንኩርት አምራቾች የውሃ ፓምፕ ይገጥማል፣ ይጠግናል። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅ የለውም። ሲናገር ቀስ ይላል፤ ከባድ ጥያቄ ከጠየቃችሁት ጆሮውን እያሸ ያስባል። ቤዛ ወደደችው። እኔም መውደዴን ስደብቅ ከርሜ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ልላክ ሲለኝ፣ ክረምቱ ይውጣና ላክ አልኩት። አፌ እሺ አለ እንጂ ልቤ ገና በር ላይ ነበር የቆመው።

ዓሣውን ያመጣው ለቤዛ ልደት ነው። ውሃ በሞላ ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። እንዲህ ያለ ፍጡር አይቼ አላውቅም። እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ ወጥተው በግራና በቀኝ የተለጠፉ፣ ጅራቱ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት የምትጎትተውን የሚመስል። «ይሄ ደግሞ ጎልድፊሽ፣ የወርቅ ዓሣ ነው ይሉኛል፤ ወርቁ የት እንዳለ እንጃ» አለ ገመቹ። ቤዛ እዚያው ስም አወጣችለት፤ ከሰል።

ክረምቱ እንደገባ ደራ ከተማ የምትኖረው እናቴ ወድቃ ዳሌዋን ተሰበረች። ሱቄን ዘጋሁ፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ስለነበር ቤዛን ይዤ ላስታምማት ሄድኩ። ከሰልን ገመቹ ወሰደው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ቤዛ ትደውላለች፤ እሱም ስልኩን ወደ ውሃው አዙሮ ያሳያታል። ሁለተኛው ወር ላይ ግን ነገር ተለወጠ።

«ጋሽ ገመቹ፣ ከሰልን አሳየኝ።»

«ኔትወርኩ አይችልም፣ ቤዛዬ።»

በሌላ ቀን ውሃው ደፍርሷል። በሌላ ቀን ሥራ ላይ ነው። ልጅቷ ታምነዋለች። እኔ የእናቴን ትራስ እያስተካከልኩ እሰማለሁ፤ ሰበቡ ሲደራረብ ጆሮዬ መቆም ጀመረ። ዓሣው ሞቷል ማለት ነው አልኩ በልቤ። መሞቱ አይደለም የከነከነኝ፤ አለመናገሩ ነው።

እናቴ በምርኩዝ መራመድ ስትችል ወደ አዳማ ተሳፈርን። ሚኒባሱ መልካሳ ሲቃረብ ደወልኩለት።

«ደርሰናል። ወርደን ከሰልን እንውሰደው?»

«አይ! አትውረዱ!» አለ።

ቀስ ብሎ የሚናገረው ሰው ነው እንዲህ የተናገረው። «ማለቴ... ቤቱ አይመችም። ነገ እኔው አመጣዋለሁ» ብሎ አለሳለሰው። መልካሳን በመስኮት እያየኋት አለፍን። ቤቱ አይመችም። ይህችን ቃል ከዚህ በፊት ከቤዛ አባት አፍ ሰምቻታለሁ።

በማግስቱ ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ መጣ። «አካም ጅርታ፣ ቤዛ?» ብሎ ሰላምታ ሰጣት እንጂ እኔን በደንብ አላየኝም። ቤዛ ክዳኑን አነሳች። ጎንበስ ብላ ቆየችና ቀና አለች።

«ይሄ ከሰል አይደለም።»

«ከሰል ነው።»

«ከሰል ጥቁር ነው።»

«አዎ፤ ነበር። ከዚያ ተለወጠ።»

እኔም ተጠግቼ አየሁ። ባልዲው ውስጥ የሚዋኘው ዓሣ እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያብረቀርቅ ወርቅማ ነው። ዓይኑ ፈጣጣ ነው፤ ጅራቱም ያው ዓይነት ነው። ከጥቁረቱ የቀረ ነገር ቢኖር ጀርባው ላይ ጭስ የነካው የመሰለ ጥላ ብቻ ነው።

ቤዛን ወደ ውስጥ ላክኋት።

«ገሜ፣ ከሞተ ሞተ በለን። ዓሣ ነው፤ ይሞታል። አልቅሳ ትረሳዋለች።»

«አልሞተም።»

«ታዲያ ጥቁር ዓሣ ወርቅ ሆነ ነው የምትለኝ?»

«እኔም አልገባኝም። መጀመሪያ ሆዱ ሥር ቀላ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ዱጋ ነው የምልሽ፣ ፍሬ!» ዱጋ በኦሮምኛ እውነት ማለት ነው፤ አማርኛው የሚጠፋበት ሲጨንቀው ነው።

«ለምን በስልክ አላሳየኸንም?»

ጆሮውን አሸ። «ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ይሄንኑ።»

ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ያችን አየኋት። የሚደብቀው ነገር እንዳለ በዚያች ቅጽበት አወቅሁ፤ እንዳልተሳሳትኩም በኋላ ታያላችሁ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ነበር። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ጠዋት ቤዛን ትምህርት ቤት አድርሼ በቀጥታ ዓሣና ወፍ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ከሰል የተገዛው እዚያ ነው። ባለሱቁ ፈጣን ወጣት ነው፤ ወሬውን ገና ሳልጨርስለት እጁን ማወናጨፍ ጀመረ።

«እህቴ፣ እኔ የሸጥኩት ኦሪጅናል ጥቁር ነው። የኔ ዓሣ ቀለም አይለቅም። ተበላሽቶብኛል ብለሽ ከሆነ የተሸጠ ዓሣ አንመልስም።»

«ልመልስ አልመጣሁም። ጥቁሩ ወርቅማ ይሆናል ወይ ነው የምልህ።»

«ጥቁር ጥቁር ነው!»

ለራሱ እንደሚከራከር ገብቶኛል፤ ቢሆንም መልሱ ልቤ የሚፈልገው ስለነበር ተቀበልኩት። ልወጣ ስል አንድ ጥያቄ ጨመርኩ።

«ዓሣውን የገዛውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ?»

«የመልካሳውን? እንዴት አላስታውሰው! በቀደም መጥቶ ሌላ ወሰደ እኮ።»

ከበሩ ተመለስኩ። «ምን ዓይነት?»

«ያንኑ ዓይነ ፈጣጣውን። ከዚያ ሌላ አልፈልግም ብሎ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁለት። መጠኑ ሳይቀር እንዲህ ይሁን ብሎ በጣቱ እየለካ...»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። መንገድ ላይ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ፊቴ ላይ ይበትናል፤ ባጃጆች ይጮሁብኛል። ሞቶበታል፣ ሌላ ገዝቷል፣ ጥቁር ሲያጣ ወርቅማውን ይዞ መጥቶ ዓይኔ ውስጥ እያየ ምሏል። በቃ። ሻሸመኔ መልካሳ ድረስ መጣችብኝ።

እዚያው ቆሜ ለእናቴ ወንድም ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። ሽማግሌዎቹን የሚቀበልልኝ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ እሑድ እንዳይመጡ ይንገሩልኝ።»

«ምን ተገኘ?»

«ኋላ እነግርዎታለሁ።»

«ሽማግሌ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም፣ ልጄ። እስከ ነገ አፌን እዘጋለሁ። ነገ በሐሳብሽ ከጸናሽ ደውይልኝ።»

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ የእትዬ ሶፊያን መጋረጃ ልሰቅል ቀጠሮ ነበረኝ። እትዬ ሶፊያ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳውን የሚያህል፣ ዓሣ የሞላበት አኳሪየም አለ። መሰላል ላይ ቆሜ ቀለበቶቹን ሳስገባ አንዱን ዘለልኩ፤ ሌላውን ደረብኩ።

«ውረጂ» አሉኝ። «ዛሬ እጅሽ እዚህ የለም። ምን ሆነሻል?»

ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«ዓሣውን አምጪው።»

በባጃጅ ሄጄ ባልዲውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። በየጉድጓዱ ውሃው ቀሚሴ ላይ ይፈናጠቃል። እትዬ ሶፊያ ዓሣውን ወደ ትልቅ የብርጭቆ ሳህን ገለበጡትና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ቀለሙን ተይው፤ ቀለም መጨረሻ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ዝርያውን እንወቅ» አሉ። «ጎልድፊሽ ስንት ዓይነት አለው መሰለሽ። ጭንቅላቱ ላይ እንጆሪ የመሰለ ሥጋ የሚያወጣ አለ፤ የጀርባ ክንፍ የሌለውም አለ። ይሄ ዓይኑ እንዲህ ወደ ጎን የወጣው፣ ሆዱ እንደ እንቁላል ክብ የሆነው፣ ጅራቱ ድርብ የሆነው ቴሌስኮፕ ይባላል። ጥቁሩን ለብቻው ሙር ይሉታል።»

«ጥቁሩ ወርቅማ ይሆናል?»

«ይሆናል። ሁሉም አይደለም፤ ግን ብዙው ሲያድግ ጥቁረቱን ይጥላል። ከሆዱ ነው የሚጀምረው። ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑታል የሚሉም አሉ።»

ከሆዱ። ገመቹ ያለው ትዝ አለኝ። እፎይ ልል ስል እጃቸውን አነሱ።

«አትቸኩዪ። ከልጅነቱ ወርቅማ የሆነ ቴሌስኮፕም አለ። ስለዚህ ዝርያው ብቻውን አይፈርድልሽም። የድሮ ፎቶ አለሽ?»

ቤዛ ስትቀርጽ የኖረችው ቪዲዮ ስልኬን ሞልቶታል። እትዬ ሶፊያ እያቆሙ፣ እያሰፉ፣ አንድ ጊዜ ስልኩን፣ አንድ ጊዜ ሳህኑን ያያሉ። ጅራቱ ላይ የነበረች ቅዳድ አሳየኋቸው፤ «ክንፍ ተቀዶ ያድጋል፣ በእሱ አትመኝ» አሉኝ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ግራ ዓይኑን እዪ። ከቀኙ ያነሰ ነው፤ ትንሽም ወደ ታች ያዘነብላል። አሁን ደግሞ የጀርባ ክንፉን እዪ፤ የፊተኛዋ ዘንግ እንደ ተሰበረ ጃንጥላ ታጥፋለች።» ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጡት። ጥቁሩም ወርቅማውም ያንኑ ዓይን፣ ያችኑ የታጠፈች ዘንግ ይዘዋል።

«ያው ነው» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ስለ ዓሣው፣ አዎ። ስለ ሰውየው አልጠየቅሽኝም፤ ብትጠይቂኝም አላውቅም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አይደል? ግን ባልዲውን ይዤ ከደጃፋቸው ሳልርቅ ሌላ ጥያቄ እንደ እባብ ተነሳብኝ። ከሰል ካልሞተ፣ ያመጣልን ዓሣ እውነተኛው ከሆነ፣ ሁለተኛውን ለማን ነው የገዛው? ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ መጠን። ያንኑ ዓሣ የሚጠይቅ ሌላ ልጅ አለ ማለት ነው። አትውረዱ። ቤቱ አይመችም። ሁሉም ነገር እንደ ዚፕ ገጠመልኝ።

ሱቅ አልተመለስኩም። ቤዛን ከትምህርት ቤት እንድትቀበልልኝ ለጎረቤቴ ደውዬ፣ ባልዲዬን እንደያዝኩ የመልካሳ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

ቤቱን ከዚህ ቀደም ከመንገድ አሳይቶኝ ያውቃል፤ ገብቼበት ግን አላውቅም። በሩን ሳንኳኳ ዓይኔ መሬት መሬት ነበር የሚያየው፤ የልጅ ጫማ ፍለጋ። ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ የእሱ ቱታ ብቻ ተሰቅሏል። ገመቹ እጁ ግራሶ እንደሆነ ከፈተ።

«ፍሬ? ምነው በሰላም?»

«ውስጥ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል?»

«ሁለተኛውን ዓሣ ለማን ነው የገዛኸው?»

ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ። እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ፤ ግራሶውን አስታውሶ መለሰው። «ግቢ» አለኝ።

ከቤቱ ኋላ፣ የተፈታታ ፓምፕ የተደረደረበት በረንዳ ላይ፣ ድመት እንዳይደርስበት ወንፊት ሽቦ የተከደነ ሰማያዊ ሳፋ ነበር። ሽቦውን አነሳው። አንድ ዓይነ ፈጣጣ ዓሣ ቀስ ብሎ ዞረ።

ከሰል የመሰለ ጥቁር ነበር።

ባለሱቁን ስለ ዓይነቱ ጠየቅሁት እንጂ ስለ ቀለሙ አልጠየቅሁትም ነበር።

«ለማን ነው?» አልኩ በመጨረሻ። ድምፄ ቀንሷል።

«ለእናንተ ነበር» አለ። «ቀለሙ መለወጥ ሲጀምር የታመመ መሰለኝ። እዚህ ፀሐዩ ይበረታል፤ ጥላ ውስጥ አደረግሁት፤ ውሃውን ቀየርኩለት። ምንም አልመለሰውም። ከዚያ አሰብኩ። የጫማዋን ነገር ነግረሽኛል። እኔ ደግሞ ጥቁር ዓሣ ወርቅ ሆነ ልልሽ ነው። ማን ያምናል? እኔ ራሴ ባላየው አላምንም። ሄጄ ጥቁር አዘዝኩ። ከሚኒባስ ስትደውዪ ሁለቱም እዚህ ጎን ለጎን ነበሩ።»

«ለዚህ ነው አትውረዱ ያልከው?»

«አዎ። በማግስቱ ባልዲ ውስጥ የከተትኩት ጥቁሩን ነበር። ይዤው መንገድ ድረስ ወጥቻለሁ። ከዚያ ተመለስኩ።»

«ለምን?»

አሁን ግራሶውን ረሳ፤ ጆሮውን አሸና ጥቁር አደረገው። «ቤዛ ከሰል ብላ ስትጠራው እያየሁ ልስቅ ነው። በየቀኑ። ገና ቤታችሁ ሳልገባ በዚህ ልጀምር? ቢቀልለኝ ደግሞ ነገ ሌላ ነገር ላይ እደግመዋለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ይህን ሁሉ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«አንዱን እውነት አላመንሽኝም። ሁለተኛውን ምኑ ላይ ልጨምረው?»

አንድ የፓምፕ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ተናድጄበታለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም ሳስበው ያንን ሁሉ ሳምንት ልጄን በኔትወርክ ማታለሉ ያናድደኛል። ይህንኑ ነገርኩት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማኝ፤ አልተከራከረም። ከዚያ ሳፋውን በአገጩ እያሳየ፣

«ይሄን ይዤ ብመጣ ኖሮ ታምኚኝ ነበር» አለ።

አይደለም ልለው ፈለግሁ። ግን አምነው ነበር። ቤዛ በደስታ ትጮሃለች፣ እኔ በጥርጣሬዬ አፍሬ ቡና አፈላለታለሁ፣ እሑድ ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፤ ውሸቱም ከእኛ ጋር ይኖራል። ጠረኑን አውቀዋለሁ ያልኩት እኔ በሁለት እጄ ተቀብዬ አስገባው ነበር።

«ሽማግሌዎቹን ላስቀራቸው?» አለኝ።

ለእሱ ሳልመልስለት ስልኬን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡ።»

«መልካም። ለመሆኑ ምን ተገኝቶ ነበር?»

ሳፋውን አየሁ፤ ባልዲውን አየሁ፤ ጆሮው የጠቆረውን ሰው አየሁ። «ምንም አልተገኘም፣ ጋሼ» አልኩ።

ይኸው ተጋብተን አብረን እንኖራለን። ቤዛን ለማሳመን ከእኔ በላይ ጊዜ ወሰደ፤ እትዬ ሶፊያ ዘንድ ወስጃት፣ ዓይኑንና የታጠፈችውን ዘንግ በራሷ ዓይን አይታ ነው የተቀበለችው። ሁለቱ ዓሦች አንድ ላይ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ መጠርጠር ተውኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ጥርጣሬ ባይኖረኝ መልካሳ ድረስም አልሄድም ነበር። የተለወጠው ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ወሬን የምመዝነው በማማሩ ነበር። የመጀመሪያው ባሌ ስለ ጫማዋ የነገረኝ ታሪክ ምን ጎደለው? መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፣ ሳቅ እንኳ አለው። እኔ እንዳምነው ተለክቶ የተሰፋ ነበር። ገመቹ ያመጣው ደግሞ ከየትም የማይገጥም፣ ለራሱም ያልገባው ነገር ነበር፤ አልሠራውማ፤ ሆኖ አገኘው እንጂ።

እናንተም የምትወዱት ሰው አንድ ቀን ለጆሮ የማይመች፣ ልጅ እንኳ የማይቀበለው ነገር ይዞ ደጃፋችሁ ላይ ቢቆም፣ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት አንዲት ነገር ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህ ሰው ሊዋሸኝ ቢፈልግ ኖሮ፣ ከዚህ የተሻለ ያጣ ነበር?